ቡናው እስኪቀላ የሚጠብቅ ቤት

ወላይታ ውስጥ ላደገ ሰው ቡና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ፍሬው ሳይሆን ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ተቀንጥሶ ይወቀጣል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጨው ገብቶበት ይፈላል፤ ቤቱ ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ ካለ ጠብ ይደረግበታል። በቋንቋችን ‹‹ሃይታ ቱኬ›› እንለዋለን፤ የቅጠል ቡና ማለት ነው። ይህን ስናገር ችግር የወለደው መጠጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም፤ ያለውም የሌለውም ይወደዋል፤ እኔም ሶዶ ከተማ ቤቴ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ጠጥቼዋለሁ። ነገር ግን ቅጠሉ ለቤት የቀረበት አንድ ምክንያት እንዳለ የሚክድ ገበሬ የለም። ፍሬው ገንዘብ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከዳሞታ ተራራ ወዲያ ባሉት የቦሎሶ ቀበሌዎች ነው። ለክትባትና ለነፍሰ ጡሮች ክትትል ወጥቼ ያልገባሁበት ጓሮ ጥቂት ነው። በገባሁበት ሁሉ ቡና አለ። እርሻ ተብሎ የተለየ ማሳ የለውም፤ ከጎጆው ጀርባ እንሰቱ ሥር፣ ከአቮካዶው አጠገብ፣ ከጎደሬው በላይ የቆመ ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ እግር ቡና ነው። ፍሬው ከአካባቢው ገበያ ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚጠጣው የሚያውቅ ግን ከጓሮው ባለቤት ጀምሮ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩን ያመጣችው ሐምቡርግ የምትኖረው ሴት ልጄ ናት። አምና ጥቅምት ላይ ደወለችና ‹‹እማዬ፣ የወላይታ ቡና ፈልጊልኝ›› አለችኝ። የምትሠራው ቡና እየቆላ በሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ይርጋጨፌና ጉጂ ከመደርደሪያቸው ጠፍቶ አያውቅም። የድርጅቱ ባለቤት ‹‹ያንቺ አገር ቡናስ?›› ብሏት ኖሮ፣ ልጄ በኩራት ‹‹እኛም አለን›› ብላ መጣች። ሳቅኩ። ቡናው እንዳለን አላጣሁትም፤ ‹‹የወላይታ ቡና›› ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን በዚህ ዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ለምን እንደሌለ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሶዶ ውስጥ ቡና የሚነግድ ዘመድ የሌለው ሰው የለምና። ወላይታ በንጉሡም በደርግም ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ነበር። ቡናችንም በዚያው ስም ሲጫን ኖረ። በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ሶዶ ላይ መጋዘንና የቅምሻ ላቦራቶሪ ተከፈተ፤ የወላይታ ቡና ግን ከከምባታና ጠምባሮ ቡና ጋር ተዳብሎ በሲዳማ ስም ከሚጠሩት ምድቦች በአንዱ ሥር ገባ። ቀማሾቹ ደረጃ ይሰጡት ነበር፤ ከዚያ ደረጃውና ምድቡ አንድ ከሆነ ሌላ ቡና ጋር ይቀላቀል ነበር። የገዛው ላኪ ደረጃውን ያውቅ ነበር፤ የማን ጓሮ እንደሆነ አያውቅም ነበር። ይህ አሠራር ለገበሬው ዋጋ የሚሰማበትን መንገድ ከፍቷል፣ አቅራቢውም ገንዘቡን በቶሎ እንዲያገኝ አድርጓል፤ ይህን ጥቅሙን አልነፍገውም። ስም ግን አላተረፈልንም።

ስም ደግሞ በቡና ንግድ ውስጥ ገንዘብ ነው። አገራችን ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር የገባችበትና በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ያለቀው ክርክር የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ከመጣ ወዲህ ደግሞ በሩ ሰፍቷል። ምንጩ የሚታወቅ ቡና ሳይቀላቀል ከእጥበት ጣቢያው ወይም ከገበሬው ተነስቶ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል። ይህ ዋጋ የሎተሪ ያህል ነው፤ ማንም ገበሬ እሱን ቆጥሮ ልጅ ትምህርት ቤት አይልክም። ግን የአንድ ሰው ጓሮ በስሙ ተጠርቶ ባሕር መሻገር እንደሚችል አሳይቷል።

ልጄ የፈለገችው ቡና ‹‹ስፔሻሊቲ›› የሚሉት ነው። ትርጉሙን ስታስረዳኝ እንደ ፈተና ውጤት ነገረችኝ፤ የሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ፣ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል። ከ80 በታች የሆነውም ይጠጣል፣ ይሸጣል፤ ግን በስሙ አይጠራም። ውጤቱ የሚበላሸው በአብዛኛው ከዛፉ እስከ ማድረቂያው ባለው መንገድ ላይ ነው። ያልበሰለ ፍሬ ቢቀላቀል ሣር ሣር ይላል፤ ተለቅሞ አንድ ሌሊት በጆንያ ታፍኖ ቢያድር ይቦካል፤ መሬት ላይ ቢሰጣ አፈር አፈር ይሸታል፤ በቅጡ ሳይደርቅ ቢከማች ይሻግታል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የክትባት ሣጥናችን ነው። ክትባት ከፋብሪካው እስከ ሕፃኑ ክንድ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል በረዶ ቢጨመርበት የሞተው ክትባት አይነሳም። ቡናም እንዲሁ ነው። ሐምቡርግ ያለው ቆይ በሚሊዮን ብር ማሽን ቢቆላው አረንጓዴ የተለቀመውን ቀይ ሊያደርገው አይችልም።

ኅዳር ላይ ወደ ቦሎሶ ቦምቤ ወጣን። አብሮኝ የሄደው ፈቃድ ያለው ላኪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የቡና ባለሙያ ወጣት ነው፤ ቡና በስልክና በዝምድና ወደ ውጭ አይላክምና ይህ ግዴታ ነበር። በነገራችን ላይ ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። ለቤት የሚሆን ጥቂት የተቆላ ቡና በሻንጣ መያዝ ሌላ፣ ለንግድ መላክ ሌላ ነው። ለንግድ ከሆነ ፈቃድ ያለው ላኪ፣ የተመዘገበ ውልና በባንክ የሚገባ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ‹‹እኔ ዘመዴ ጋ እልካለሁ›› የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ቡናችሁንም ገንዘባችሁንም አትስጡት።

ከሶዶ አረካ ሩቅ አይደለም፤ የእንሰት ምርምር የሚካሄድበት የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ከአረካ ወደ ቦምቤ ሲታጠፍ መሬቱ ወጣ ገባ ይላል፤ ቡናው የሚበቅለው ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። አገሩ ሰው የበዛበት ነው። ወላይታ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ግማሽ ሔክታር ያለው ገበሬ እንደ ደህና የሚታይበት ቀበሌ ብዙ ነው። በዚያች መሬት ላይ እንሰቱ፣ ቦሎቄው፣ ስኳር ድንቹ፣ ላሟና ቡናው ተጋፍተው ይኖራሉ።

ቦምቤን በዝንጅብል የሚያውቃት ሰው ይበዛል። እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ገንዘቡ ዝንጅብል ነበር። በዚያ ዓመት በባክቴሪያ የሚመጣ የአጠውልግ በሽታ ገባና ማሳውን ሁሉ ጠረገው። በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበርኩ፤ በሽታው የዝንጅብል ቢሆንም ከልጆቹ ክብደት ላይ አየነው። ለመድኃኒት የሚከፍለው ጠፋ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ከብት ይዘው ያጋጥሙን ጀመር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ጓሮው ቡና ዞረ። ቡና ግን እንደ ዝንጅብል በዓመቱ አይደርስም፤ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይጠይቃል።

የገባንበት ቤት እመቤት በልጅነቷ የከተብኳት ናት፤ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ሆናለች። ‹‹ሲስተር መጡ›› ብላ ወንበር አወጣች። ባሏ ከጓሮው የተለቀመ አንድ ቅርጫት እሸት ቡና አምጥቶ ባለሙያው ፊት አስቀመጠ። ወጣቱ እጁን ከትቶ አንድ እፍኝ ዘገነና መሬት ላይ በተዘረጋ የሙዝ ቅጠል ላይ በተነው። ግማሹ ቀይ ነው። የቀረው ቢጫና አረንጓዴ። ባለሙያው ምንም አላለም፤ የሚለው ፊቱ ላይ ነበር።

‹‹ቀዩ ብቻ እንደሚለቀም አታውቁም?›› አልኳቸው።

‹‹እናውቃለን እንጂ ሲስተር›› አለችኝ እመቤቲቱ። ‹‹ለገበሬ ቡና መብሰሉን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል እንዴ?››

ከዚያ ያሰላችልኝን ሒሳብ በየስብሰባው ጥራት ጥራት ለሚሉ ሰዎች ሁሉ ብታሰላላቸው ደስ ባለኝ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ አራት ልጅ ደብተር፣ ልብስና ጫማ ይፈልጋል። የዘመን መለወጫችን ጊፋታም በዚያው በመስከረም አጋማሽ ነው፤ ጊፋታን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ማሳለፍ ወላይታ ውስጥ ውርደት ነው። ቡናው ግን የሚቀላው ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ ነው። ወጪው ቀድሞ ይመጣል፣ ገቢው ይዘገያል። በዚህ መሐል ያለው ክፍተት የሚሞላው በብድር ነው። ብድሩን የሚሰጠው የቡና ሰብሳቢ ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ በግምት ይገዛዋል። ያኔ ፍሬው ገና አልበሰለም። ዋጋው ደግሞ በኅዳር ከሚያወጣው ብዙ የወረደ ነው።

‹‹ከዚያስ?›› አልኳት።

‹‹ከዚያማ የኛ አይደለም። ባለቤቱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ምን ቸገረው? ኪሎው ይሙላለት እንጂ። እንዳይሰረቅበትም ቶሎ ቶሎ አስለቅሞ ይወስዳል።››

ስርቆቱን ባሏ ጨመረበት። ቀይ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ሌሊት ይታያል። ጎረቤቱ ቀድሞ ከለቀመ የሌሊት ሌባ የሚመጣው ወዳልተለቀመው ነው። ስለዚህ አንዱ ከፈራ መንደሩ ሁሉ ይፈራል፤ መንደሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ያራግፋል። ያልተሸጠው ፍሬም ቢሆን ገበያ ላይ ቀዩና ድብልቁ የሚከፈለው ተቀራራቢ ዋጋ ነው። ለሦስትና ለአራት ዙር እየተመላለሱ ቀዩን ብቻ መልቀም ጉልበት ነው፤ ጉልበቱን የሚከፍል ከሌለ ማን ይደክማል?

እንግዲህ በዚያች ወንበር ላይ ሆኜ የተረዳሁት ይህንን ነው። ከውጭ የሚመጣው ገዢ ‹‹ቀይ ፍሬ ስጡኝ›› ሲል የሚጠይቀው ቡና አይደለም፤ ትዕግሥት ነው። ሦስት ወር እንዲጠብቁ ይጠይቃል። መጠበቅ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ከልጆቹ ደብተር ላይ ይወጣል። የቡና ጥራት ሥልጠና እንደሚያስፈልግ አምናለሁ፣ የማድረቂያ አልጋና ንጹሕ ውኃም ያስፈልጋል። ግን ሥልጠና የሚያውቁትን መልሶ ይነግራቸዋል። የጎደላቸው የነሐሴ ገንዘብ ነው።

ማታ ለልጄ ደወልኩላት። ‹‹ጥሩ ቡና አለ፤ ግን ገዢሽ በኅዳር ሳይሆን በነሐሴ መክፈል አለበት›› አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ‹‹እማዬ፣ ያላየውን ቡና ማን ይከፍላል?›› አለችኝ። ‹‹ሰብሳቢውስ ያላየውን አይደል የሚገዛው?›› አልኳት።

ሁለተኛው ችግር መጠኑ ነበር። የትናንሽ አካባቢዎች ቡና ለምን ስሙ እንደሚጠፋ ያስረዳችሁ ዘንድ ቁጥሩን ላስቀምጠው። አንድ ኪሎ ለመላክ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ሁለት መቶ እግር ቡና ያለው ቤት ከአንዱ ሦስት ኪሎ ቢለቅም ስድስት መቶ ኪሎ እሸት ይሆናል፤ ከዚያ የሚወጣው መቶ ኪሎ ነው። የመላኪያው ጆንያ 60 ኪሎ ስለሚይዝ ሁለት ጆንያ እንኳ አይሞላም። አንድ ኮንቴነር ደግሞ 320 ጆንያ ይጭናል። አንድ ኮንቴነር ለመሙላት እንዲህ ያሉ ወደ 190 ቤቶች ያስፈልጋሉ፤ ያውም አንዱም ሌላ ቦታ ሳይሸጥ። ትልቅ ገዢ ኮንቴነር ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ ይቀላቀላል፤ ስሙም በዚያው ይቀራል።

የልጄ አሠሪ ትንሽ በመሆኑ ይህ ነገር ለኛ ጥቅም ሆነ። እሱን ሃያ ጆንያ ይበቃዋል፤ ከላኪው ሌላ ጭነት ጋር በአንድ ኮንቴነር፣ በየራሱ ምልክት ተለይቶ ይሄዳል። ሃያ ጆንያ ማለት አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ቤት ነው። አሥራ አምስት ቤት ደግሞ አንድ እድር የማያህል፣ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ መንደር ነው። በአንድነት ከጠበቁ ሌሊት በተራ መጠበቅም ይቻላል።

በዚያው ኅዳር ባለሙያው ከሁለት ቤት ቀይ ቀዩን አስለቅሞ ናሙና ወሰደ። አንዱ ቤት ከቀርከሃና ከወንፊት በተሠራ አልጋ ላይ አደረቀው፤ በየሰዓቱ እያገላበጠ፣ እኩለ ቀን ላይ ከጠራራው እየሸፈነ፣ ማታ ማታ ከጤዛ እየጠበቀ፣ እርጥበቱ ከመቶ 12 በታች እስኪወርድ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ሌላው ቤት ዝናብ ሳይታሰብ መጥቶበት አንድ ሌሊት ክምር ሆኖ አደረ። በቅምሻው የመጀመሪያው ከ80 በላይ አገኘ፤ ሁለተኛው ወደቀ። የወደቀው ቤት ሰውዬ ‹‹በአንድ ሌሊት?›› ብሎ ሲገረም ባለሙያው ‹‹በአንድ ሌሊት›› አለው። ከስብሰባ ሁሉ የበለጠ ያስተማረው ይኸው ነው።

ስለ አልጋው አንድ የነርስ ቃል ልጨምር። ቡና መሬት ላይ ሲሰጣ የሚያገላብጡት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ነው፤ ወገባቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት በለቀማ ወራት መሆኑን ለዓመታት አይቻለሁ። ወገብ ድረስ ከፍ ያለ አልጋ ከቡናው እኩል ለሴቲቱም ይጠቅማታል። የለቀማው ወር ሌላም ነገር አለው። ልጆች ከክፍል ይቀራሉ። ከትምህርት መልስ ወይም ቅዳሜ ቅርጫት ይዞ እናቱን መርዳት የገጠር ልጅ ሕይወት ነው፤ ያንን አልቃወምም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መቅረት ግን ሌላ ነው። ለአሥራ አምስቱ ቤቶች ባለቤቶች በግልጽ የነገርኳቸው አንዱ ይህ ነበር፤ ልጄም ውሉ ውስጥ እንዲገባ አደረገች።

ቡናን ካነሳሁ አይቀር ነፍሰ ጡር ልጅ ወይም ምራት ላላችሁም ልንገራችሁ። የቅጠሉም ቡና እንደ ፍሬው ካፌይን አለው፤ ‹‹ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም›› ብሎ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከጎመን የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይሻማል። ስለዚህ ደም ያነሳት ሴት ከበላች አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታ ብትጠጣ ይሻላታል። ለሕፃናት ጭራሽ ባይሰጥ እመርጣለሁ፤ አያቶች ‹‹ትንሽ ይቅመስ›› የምትሉትን ተዉት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጥር ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ ካልተገኘ መሬት መምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ ቦታ በስልክ ወይም በመሣሪያ ተለክቶ ይመዘገባል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም ገዢዎች ከወዲሁ ይጠይቃሉ። ሕጉ የታሰበው በሺህ ሔክታር ለሚመነጥሩ ሰዎች ይመስለኛል፤ የደረሰው ግን አያቱ በተከሉት እንሰት ሥር ቡና ለያዘ ሰው ነው። ባለሙያው ስልኩን ይዞ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር መንደሩ ተረበሸ። ‹‹መሬታችን ለምን ይለካል? ግብር ሊጨመር ነው? ሊወሰድ ነው?›› የመሬት ጥበት ባለበት አገር መሬት የሚለካ እንግዳ ወዳጅ አይመስልም። ሦስት ቤት እንቢ አለ። አሥራ አምስት የነበሩት አሥራ ሁለት ሆኑ። አልተጫንናቸውም።

የነሐሴን ገንዘብ ነገር የፈታችው ያቺው እመቤት ናት። ወላይታ ውስጥ ሴቶች ለጊፋታ ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየጣሉ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹም ለበሬው እንዲሁ ያዋጣሉ። ቅርጫው የሚታረደው ከዚያ ነው። ገንዘቡ ከሰው እጅ ወጥቶ ስለሚቀመጥ ለሌላ ነገር አይነካም። ‹‹እንደ ቅቤው ይሁን›› አለች። ‹‹ገዢው ከሚከፍለው ጥቂቱን ነሐሴ ላይ ይስጥ፤ ለየሰው ሳይሆን ለአሥራ ሁለታችን በአንድ ላይ። እኛ ለደብተርና ለዩኒፎርም እናከፋፍላለን። አንዱ ቡናውን ለሌላ ቢሸጥ ሌሎቻችን እንከፍላለን፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።›› ባለሙያው ይህንን አዲስ አበባ ወስዶ በወረቀት አዘጋጀው። የልጄ አሠሪ መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ ከጠቅላላው ዋጋ ሩቡን ቀድሞ ለመክፈል ተስማማ። ቀሪው በቅምሻ ውጤት መሠረት ይታሰባል፤ ከ80 በታች የወደቀው በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ የነሐሴው ገንዘብ ግን አይመለስም ተባለ። ይህንን የመጨረሻውን ቃል ልጄ አሥር ጊዜ ተከራክራ እንዳስገባችው ነግራኛለች።

አልደበቅኩባችሁም፤ ሁሉም አልተዋጠልኝም። ገዢው ቢከስር ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ከርሞ ነሐሴ ላይ አሥራ ሁለት ቤት ተመልሶ ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል፤ ሰብሳቢውም አኩርፎ ይጠብቃቸዋል። በአንድ ገዢ ላይ መንጠልጠል በአንድ ዝንጅብል ላይ ከመንጠልጠል ብዙም አይለይም። ይህን ስነግራቸው ባልየው ‹‹ሲስተር፣ እኛ እኮ እንሰቱን አልነቀልንም›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ትክክል ነው።

ነሐሴ ላይ ገንዘቡ ደረሰ። መስከረም ውስጥ ልጆቹ ተመዘገቡ፤ ሰብሳቢው ወደ አሥራ ሁለቱ ቤት መጥቶ በግምት የሚገዛው ፍሬ አጣ። አሁን ጥቅምት ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ቡናው ከታች በኩል መቅላት ጀምሯል፤ ማንም አልነካውም። ሌሊት ሌሊት ሁለት ሁለት ሰው በተራ ያድራል። የማድረቂያ አልጋዎቹ ከአሥራ ሁለቱ ቤት በስምንቱ ተሠርተዋል፤ ለአራቱ ወንፊቱ አልደረሰም።

ባለሙያው በዚያ ቀን ጆንያዎቹ ላይ የሚታተመውን ለመመዝገብ ቅጽ ይዞ መጥቶ ነበር። ‹‹ቦሎሶ ቦምቤ፣ ወላይታ›› የሚለው ከላይ ሰፍሯል። ከሥሩ ለአምራቹ ስም አንድ መስመር አለ። ባልየው ስሙን አስጻፈ። እመቤቲቱ ከምድጃው በኩል ‹‹የሚለቅመውና የሚያገላብጠው ማን ሆኖ ነው?›› አለች። ወጣቱ መስመሩ አንድ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ዝም ብላ ታየዋለች። ባሏ ሳቀና ‹‹ፊደሉን አሳንሰህ ጻፈው›› አለው። ሁለቱም ስሞች በአንዱ መስመር ላይ ገቡ።